ከሥሩ ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ግራፍ
በአሽዶድ ስለተያዘ አንድ የፎቶ ማስታወሻ

በአሽዶድ የምትኖር አንዲት እኅታችን ከሠላሳ ዓመት በላይ በፎቶ ግራፍ የያዘችውን የዕለት ማስታወሻ አይቼ አስተያየቴን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለችና አልጠቅሰውም። ማስታወሻው አራት ወፍራም ደብተር ነው። ፎቶው በሙጫ ተለጥፎ ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር በአማርኛ ተጽፏል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል።)

ስለ ቤተ እስራኤል የተነሣ ፎቶ ግራፍ ጥቂት አይደለም። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ከሄዱ ወዲህ ያሰባሰቡት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገናችን በ36 ሰዓት ገደማ ሲገባም የጋዜጠኛ ካሜራ አልጠፋም። ግንባሩ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ሕፃን፣ መሬት የሚስሙ ሽማግሌ፤ ሥዕሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰዎቹን ግን አናውቃቸውም።

የእኅታችን ደብተር ሌላ ነው። አንድ ወታደር ልጅ ጫማው በር ላይ፣ እርሱ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ አያቱ ጋቢ ሲያለብሱት ይታያል። ከሥሩ «ዓርብ ገባ፤ ሳይበላ ተኛ» ይላል። ሌላው በሰገነት ላይ የተሰጣ በርበሬ ነው፤ ከጎረቤት በኩል ከጆርጂያ የመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው ይስቃሉ። ገና ሳይነጋ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሦስት የጽዳት ሠራተኞችም አሉ። ፊታቸው አይታይም፤ እጃቸው ላይ ያለው የምሳ ዕቃ ብቻ ጎልቶ ወጥቷል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ ፎቶዎች ከነታሪካቸው በመጽሐፍ ወጥተዋል። መልካም ሥራ ነው። በዚያ ግን ብዙው ሰው ለፎቶ ተዘጋጅቶ፣ ለብሶና አጊጦ የቆመ ነው። በእኅታችን ደብተር ለፎቶ የተዘጋጀ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሠርግ ናቸው።

ጉድለቱን ደግሞ መሸፈን አይገባም። አራተኛው ደብተር ደካማ ነው። ስልክ ካሜራ ከሆነ ወዲህ ፎቶው በዝቷል፣ ጽሑፉ ጠፍቷል። ከዚህ የሚብሰው ግን የስም፣ የቦታና የዘመን ነገር ነው። አንዲት አሮጊት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ከሥሩ «ባሕር ዳር፣ ሰኔ 95» ተብሏል። የልጅ ልጃቸው ጣና ዳር ያለችው ከተማ መስሎት ለትምህርት ቤት ሥራው እንዲያው ጽፏል። ዓመቱስ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ 2003 ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ 1995። ተመራማሪ ቢያገኘው የትኛውን ይይዛል? ጠይቄያት ወዲያው መለሰችልኝ፦ ባሕሩ የአሽዶድ ነው፤ እናቷ በ1997 ስላረፉ ዓመቱ የፈረንጅ ነው። እርሷ ባትኖር ማን ይነግረን ነበር?

ይህን የምለው ያለ ሕመም አይደለም። በ1984 በሱዳን በኩል ስወጣ ጎንደር ፎቶ ቤት የተነሣውን የአባቴን ፎቶ ይዤ ነበር። ከጀርባው ስሙና መንደራችን ተጽፎበት ስለነበር ማንነታችንን ያጋልጣል ብዬ ቀድጄ ጣልሁት። ሌላ ፎቶ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ባዶ ነው። «ግንቦት 17» ብቻ ተጽፎበታል። ያን ዕለት ከለበሰችው በቀር ምንም ይዛ አልመጣችም፤ ካሜራም አልነበራትም። ልጇ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአውሮፕላን ፎቶ ልትለጥፍበት ትፈልጋለች። እኔ ባዶውን ይቆይ ብያለሁ። ልጅቱ እስካሁን አልተስማማችም።