የጠላ ጭስ ልክ

ቀራንዮ መድኃኔዓለም በየወሩ በ27 ሲታሰብ፣ ተራ የደረሰው የጽዋ ቤት ጠላ ሳያዘጋጅ አይቀርም። ጠጪው ግን ስለ ጠላው ሲጠየቅ ወይ «ጠንካራ ነው» ወይ «ቀጥኗል» ብሎ ያልፋል፤ ጭሱን የሚያነሳ ጥቂት ነው። አቅራቢዋ አስቀድማ ተጎንጭታ ማቅረቧም የመጠጡን ደኅንነት እንጂ ጥራቱን አያረጋግጥም። እኔ የጠማቂን እጅ መመዘን የሚገባን ከጭሱ፣ ለዚያውም ከትንሹ ጭስ ነው ባይ ነኝ። ብዙ ጭስ ያረፈበት ጠላ ገና ያልበሰለ ድፍድፍንም፣ መኮምጠጥ የጀመረ ጋንንም ይሸፍናል። ጥቂት ጭስ ያለው ግን ብቅሉን፣ ጌሾውንና ውኃውን ሁሉ ያጋልጣል።

ጭሱ የሚገባው በጋኑ በኩል ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብና በወይራ ወይም በጥንጅት ይታጠናል፤ ሸክላው በቀዳዳዎቹ የመጠጠውን ጭስ ቀስ እያለ ለጠላው ይለቃል። ሌላው የጭስ መሳይ ጣዕም ምንጭ አሻሮው ነው፤ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር የተቆላ ገብስ ከጭስ ጋር ሊምታታ የሚችል ሽታ ይሰጣል። ሁለቱን ለመለየት በርበሬ ያልነካው አፍ ያስፈልጋል። ጠላው በጣም ሳይቀዘቅዝ አንድ ጊዜ ይጎነጫል፤ ከተዋጠ በኋላ አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ ይተነፈሳል። የወይራው ጭስ ያን ጊዜ ከአፍንጫ ጀርባ ይመጣል፤ የአሻሮው ምረት ምላስ ላይ ይቀራል፤ የጌሾው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ምላስን የሚያደርቅ ኃይለኛ ምረት ከመጣ አሻሮው አርሯል።

የጭስን ልክ በቁጥር የሚያወሩት የስኮትላንድ ውስኪ አውጪዎች ናቸው። እነሱ ብቅሉን በረግረግ መሬት ከተከማቸና ከደረቀ የዕፅዋት ብስባሽ በሚወጣ ጭስ ያደርቁታል፤ በብቅሉ ላይ ያረፈውን ፊኖል የሚባል የጭስ ውሕድም ይለካሉ። ጭሱ ቀለል ያለው የስፕሪንግባንክ ውስኪ ብቅል በሚሊዮን ከ12 እስከ 15 ክፍል ገደማ ሲይዝ የአርድቤግ ወደ 55 ይደርሳል። ቁጥሩ ግን የብቅሉ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ከዚያ እጅግ ያንሳል። ከባዱ የጭስ ሽታ ውስኪው ሲነጠር ዘግየት ብሎ ስለሚወርድ፣ አውጪው መቀበሉን ቀድሞ በማቆም ሊቀንሰው ይችላል። ጠማቂዋ ይህ ዕድል የላትም። ጋኑ አንዴ ከታጠነ በኋላ ማረሚያዋ ጋኑን ማናፈስ ብቻ ነው፤ ጥንስሱ ከገባ ግን አልቋል። ስለዚህ በጠላ ቀላል ጭስ ማውጣት ከውስኪው ይልቅ ይከብዳል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

«ጋን የሚታጠነው ለንጽሕና ነው፤ ጣዕም ምን አመጣው?» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያሉት ፊኖሎች ብዙ ተሐዋስያንን ያዳክማሉ። ነገር ግን ሽታውን የሚሰጡትም እነዚሁ ውሕዶች ናቸው፤ ስለዚህ አጽጂውን ከጣዕሙ ነጥሎ ማስገባት አይቻልም። ሌሎች «እኛ ያደግነው ጭሱ በሚጎላ ጠላ ነው» ይላሉ። ይህን ምርጫ አልነቅፍም። ነገር ግን ጭስ መውደድ አንድ ነገር ነው፣ በጭስ የተሸፈነ ጉድለትን ጥሩ ጠላ ብሎ መቀበል ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው የጣዕም፣ ሁለተኛው የፍርድ ጉዳይ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የጋኑን ቦታ የፕላስቲክ በርሜል እየወሰደው ነው። ዋጋውና ክብደቱ ይታወቃል፣ አይሰበርምም፤ ጠማቂዋን አልወቅስም። ፕላስቲኩ ግን ለእሳትና ለጭስ አይመችም፤ እንደ ሸክላም ጭሱን መጥጦ ቀስ በቀስ አይለቅም። የጎደለውን ለመሙላት የሚቀለው መንገድ አሻሮውን አብዝቶ ማጥቆር ነው። እንዲህ ያለው ጠላ ሲቀዳ በጋን ከተጠመቀው ጋር አንድ ይመስላል። ቀማሹ የሚለየው አፉን ዘግቶ ሲተነፍስ ነው፤ ምላሱ እየመረረ ከአፍንጫው ጀርባ ምንም ካልመጣ፣ ጭስ የመሰለው ጣዕም የአሻሮ እንጂ የወይራ አይደለም።