ከቆዳ ሥር የምትቀረው ክር

ፍሪስታይል ሊብሬ 3 የሚባለው የስኳር መከታተያ ወርዱ 21 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2.9 ሚሊሜትር ነው። ከአንድ ብር ሳንቲም ያንሳል። ከላይኛው ክንድ ጀርባ ይለጠፍና 14 ቀን ይቆያል። እስከዚያ ድረስ በየደቂቃው አንድ ቁጥር ወደ ስልክ ይልካል፤ ሲደመር ከ20 ሺህ ይበልጣል።

ዓይኔን የሚይዘው ግን ከሥሩ ያለችው ክር ናት። ቆዳ ውስጥ የምትገባው 5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ቅጥነቷ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። ተጣጣፊ ስለሆነች ብቻዋን ቆዳ አትበሳም። ስለዚህ መትከያው ውስጥ በጎኑ የተከፈተ መርፌ አለ፤ ክሯ በክፍተቱ ውስጥ ተኝታለች። ክንድ በአልኮል ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ መትከያውን ደገፍ አድርገው ሲጫኑት መርፌው ክሯን ይዞ ይገባል፤ ወዲያውም ባዶውን ይመለሳል። መግባቱም መውጣቱም በአንድ “ቀጭ” ያልቃል። መርፌው ክንዴ ውስጥ ቀርቷል ብሎ የሚሰጋ ሰው አለ፤ አልቀረም።

የክሯ ጫፍ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ተቀብቷል። ኢንዛይሙ ከስኳሩ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ የሚለካው ከዚያ የሚነሳው እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ስኳርን በዚህ መንገድ የመለካቱ ሐሳብ የአሜሪካዊው ሌላንድ ክላርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው ይፋ የሆነው። በቀደመው አሠራር ኢንዛይሙ ኦክስጅን ይፈልግ ነበር፤ ከቆዳ ሥር ደግሞ ኦክስጅን እንደልብ አይገኝም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አዳም ሄለር ኢንዛይሙን ኦስሚየም ካለበት ፖሊመር ጋር አያያዘው። ኤሌክትሮኑ ከአንዱ የኦስሚየም ነጥብ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ኦክስጅን ሳይጠብቅ ይደርሳል። ሄለር ከልጁ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመውን ቴራሴንስ የተባለ ኩባንያ የመሣሪያው አምራች አቦት እ.ኤ.አ. በ2004 ገዛው፤ የዛሬው መሣሪያ የመጣው ከዚያ መስመር ነው። አሠራሩ የሚጠቀመው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ስለሆነ ፓራሲታሞል አያሳስተውም። አንዳንድ የቀድሞ ሴንሰሮች ሰው ፓራሲታሞል በዋጠ ቁጥር ስኳሩ የጨመረ ይመስላቸው ነበር። ቫይታሚን ሲ በብዛት የሚወስድ ሰው ግን መመሪያውን ደህና አድርጎ ያንብብ።

ከኢንዛይሙ በላይ አንድ ስስ ሽፋን አለ። ሥራው ስኳርን መቀነስ ነው። ስኳሩ እንዳለ ቢደርስ ኢንዛይሙ ቶሎ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ 200ም ይሁን 400 ሚሊግራም በዴሲሊትር መለየት አይችልም። ሽፋኑ ጥቂት ጥቂት ብቻ ስለሚያሳልፍ ኢንዛይሙ ሁልጊዜ ትርፍ አቅም ይኖረዋል፤ ስኳሩ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱም እጥፍ ይሆናል። ሽፋኑ ትንሽ ቢወፍር ወይም ቢሳሳ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። ያም ሆኖ መሣሪያው ከፋብሪካ ተስተካክሎ ይወጣል፤ ለባለቤቱ የሚቀረው ከተተከለ በኋላ 60 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ለእኔ የእጅ ሥራው ጫፍ ይህ ሽፋን ነው።

ክሯ የተቀመጠችው በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ እንጂ ደም ውስጥ አይደለም። ስኳር ከደም ወደዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። ጣት ወግቶ መለካት የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከዚህ መዘግየት ጋር ነው። ስኳሩ ወደ 62 ይወርዳል፤ በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የጣፈጠ ውኃ ይጠጣል፤ ስልኩ ከደቂቃዎች በኋላም 58 ይላል። ደንግጦ ይደግማል። በዚያች ሰዓት ጣቱን ቢወጋ ደሙ ማንሰራራቱን ያይ ነበር። የደገመው ስኳር ቆይቶ 240 ሆኖ ይመጣል። ሕመሙና ቁጥሩ አልገጥም ሲሉ የጣት መለኪያውን ከመሳቢያ ማውጣት ነው፤ ለዚያ ሲባል አይጣልም። ሌሊት ክንድ ላይ ተጋድሞ መተኛትም የክሯን ዙሪያ ስለሚጫን ስኳር ሳይወርድ የወረደ ያስመስላል፤ ደወሉም ይጮኻል። ገልበጥ ሲሉ ቁጥሩ ይመለሳል።

ከቁጥሩ ጎን አንዲት ቀስት አለች። አግድም ስትሆን ስኳር በደቂቃ ከ1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ባነሰ ነው የሚለወጠው። ስታዘነብል ከ1 እስከ 2፤ ቀጥ ብላ ስትቆም ከ2 በላይ። 110 እና አግድም ቀስት ያለው ሰው ምሳውን ተረጋግቶ ይበላል። 110 ሆኖ ቀስቷ ቁልቁል ከቆመች ግን፣ በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ከ70 በታች ነው። ኢንሱሊን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ልዩነት ዋዛ አይደለም፤ ቀስቷን ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ማንበብን ከጾሙ በፊት ቢለምድ ይሻለዋል። መሣሪያውን የለመደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ቀስቷ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቁጥሩን ቀጥሎ ያያል።

የማላደንቀው መትከያውን ነው። መሣሪያው ራሱ አንድ ግራም ነው። እሱን ለመትከል የሚያገለግለው ፕላስቲክ ግን መዳፍ ይሞላል፤ አንዴ ተጭኖ ይጣላል፤ ውስጡ መርፌ ስላለም ከቤት ቆሻሻ ጋር መቀላቀል የለበትም። በዓመት 26 ይሆናል። ክሯን ያን ያህል ያቀጠነ መሐንዲስ ማስገቢያዋን ደጋግሞ የሚያገለግል ማድረግ አያቅተውም ነበር።