ደጋግሞ መግዛት ታማኝነት ነው?

ጫግኒ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብታችሁ «ኦሞ አለ?» ብትሉና ባለሱቁ የሌላ ፋብሪካ የዱቄት ሳሙና ቢያቀብላችሁ ብዙም አትገረሙም። ኦሞ የአንድ ብራንድ ስም ቢሆንም በአፋችን የዱቄት ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ የታሸገ ውኃን «ሃይላንድ» እንደምንለው ማለት ነው። ታዲያ ደንበኛው ታማኝ የሆነው ለየትኛው ነው? ለጠራው ስም ወይስ ይዞት ለሄደው ዕቃ?

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ «ግዢውን ቁጠሩ» የሚል ነው። ሰውየው 10 ጊዜ ገዝቶ 9ኙ አንድ ብራንድ ከሆነ ታማኝነቱ 90 በመቶ ነው ይባላል። ቆጠራው ልክ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ለቁጥሩ የተሰጠው ስም ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። 100 ቤተሰብ አለ እንበል። 60ዎቹ የሚገዙበት ሱቅ አንድ ዓይነት ሳሙና ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሌም ያንኑ ይገዛሉ፤ 100 በመቶ። 40ዎቹ ሦስት ዓይነት ካለው ሱቅ ይገዛሉ፤ ከግዢያቸው ግማሹ ብቻ ያው ሳሙና ነው፤ 50 በመቶ። የሁሉም አማካይ 80 በመቶ ይወጣል። ግን እኮ ምርጫ የነበራቸው 40ዎቹ ብቻ ናቸው! የ60ዎቹ መዝገብ የሚነግረን ስለ ልባቸው ሳይሆን ስለ መደርደሪያው ነው። የፋብሪካ ዕቃ ከሩቅ በመኪና በሚመጣበት ከተማ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው። አሁን ደግሞ ማንም ሰው የትኛውንም ብራንድ አያስበልጥም፣ ሁሉም በዕጣ ያነሳል እንበል። ከገበያው 60 በመቶ የያዘውን ብራንድ ዛሬ የገዛ ሰው በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ የማንሳት ዕድሉ 60 በመቶ ነው። 10 በመቶ የያዘው ግን 10 በመቶ ብቻ። አያችሁ? ምንም ፍቅር በሌለበት ትልቁ «ተወዳጅ»፣ ትንሹ «ደንበኞቹ የሚከዱት» መስሎ ታየ።

ዊልያም ማክፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን መሰሉን ክስተት «ድርብ ቅጣት» ሲል ገልጾታል። በእንግሊዝ የሠራው የስታትስቲክስ ባለሙያ አንድሩ ኤረንበርግ ደግሞ በብራንዶች ግዢ ላይ አሳይቶታል፤ የትንሽ ብራንድ ገዢዎች በቁጥር ያንሳሉ፣ ያሉትም ደግመው የሚገዙት በመጠኑ ያነሰ ነው። በእውነተኛው ገበያ ልዩነቱ ከምሳሌያችን ይጠባል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ስለዚህ አንድ አነስተኛ የአገር ውስጥ ሳሙና አምራች «ደንበኞችህ ታማኝ አይደሉም» ተብሎ ብድር ቢከለከል ወይም ከመደርደሪያ ቢወርድ፣ የተቀጣው በጥራቱ ሳይሆን በትንሽነቱ ሊሆን ይችላል።

«አሁን እኮ ዲጂታል ክፍያ አለ» ትሉ ይሆናል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ነገር ግን የክፍያ መልእክት ለማን ስንት ብር እንደተከፈለ እንጂ ዘንቢሉ ውስጥ ምን እንደገባ አይናገርም። በዱቤ የሚገዛ ሰው ደግሞ ታማኝነቱ ለባለሱቁ እንጂ ለሳሙናው ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዕቃው ያለቀበትን ቀን ተመልከቱ። ደንበኛው ሌላ ሱቅ ፍለጋ ሄደ? እስኪመጣ ጠበቀ? ወይስ «በቃ፣ ያለውን ስጠኝ» አለ? ባለሱቁ ይህን ያውቃል፤ የሽያጭ መዝገቡ ግን አያውቅም። ከእንግዲህ የታማኝነት ቁጥር ሲቀርብላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በዕለቱ መደርደሪያው ላይ ሌላ ምን ነበር? ይህን ያህል ድርሻ ላለው ብራንድስ በአጋጣሚ ብቻ ስንት ይጠበቅ ነበር?