ሁለት ሚሊሜትር

የሞተር ጀልባ መስኮት ሲሰነጠቅ ባለጀልባው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን መታው?» ብሎ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ጀልባዎች ለጥገና ተስበው በሚወጡበት ቦታ ሲሠራ ያየሁት ባለሙያ ግን ስንጥቁን በጥፍሩ ጫፍ እየተከተለ ወደ መነሻው ሄደ። መንገደኛ ወደ ዘጌ የምታመላልስ የፋይበር ግላስ ጀልባ ነበረች። ስንጥቁ ከጎን መስኮቷ ጥግ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ትንሽ ጠመም ብሎ፣ አንዱ ብሎን ሥር ገብቶ ጠፋ። «ማንም አልመታውም» አለ። «ብሎኑ ነው የሰነጠቀው። ቀዳዳው በልኩ ነበር።»

በልኩ መሆኑ ጥፋት የሚሆንበት ሙያ ብዙ አይደለም። ይህ ግን አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ያለው መስኮቱ በተሠራበት ነገር ላይ ነው። ተራ የቤት መስታወት ለጀልባ አይሆንም፤ ሲሰበር ስለቱ ሰው ይጎዳል። የመኪና የጎን መስኮት ዓይነቱ ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ግሎ በአየር ድንገት ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ግን አይቆረጥም፣ አይበሳም። ፑንታ ካስነኩት ሁለመናው ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ ጀልባ ላይ የሚገባው፣ በ1933 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው አክሪሊክ ነው። ክብደቱ የመስታወት ግማሽ ነው፤ በመጋዝ ይቆረጣል፣ በትራፓኖ ይበሳል።

አመሉ ሙቀት ላይ ነው። አክሪሊክ ሲሞቅ ከመስታወት ስምንት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው መስኮት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሰበሰባል። የጀልባዋ አካል ደግሞ አብሮት እኩል አይለጠጥም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀትሩ ያነዳል። መስኮቱ በየቀኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መንገድ ያጣ እንደሆነ የሚገፋው ብሎኑን ነው፤ ብሎኑም አይነቃነቅም።

እንግዲህ የሥራው ምስጢር ሁሉ ለዚያች ሁለት ሚሊሜትር ቦታ ማበጀት ነው። ባለሙያው ከካርቶን ጀመረ። ካርቶኑን ከክፈፉ ላይ አስደግፎ ዙሪያውን በእርሳስ ሣለ፣ ቆረጠ፣ መልሶ ለካ፤ ከዚያ ከየጎኑ ቀጭን መስመር አነሳለት። ወዲያው «ውጭ» ብሎ ጻፈበት። የግራና የቀኝ መስኮት እርስ በርሱ የተገለበጠ ስለሆነ፣ ይህቺ አንዲት ቃል ከተረሳች አንድ ሙሉ ገበታ አክሪሊክ ይባክናል።

መቁረጡ ላይ ጆሮው ነበር የሚሠራው። መሸፈኛ ወረቀቱን አልላጠውም፤ ፊቱ እንዳይቧጨር እስከ መጨረሻው ድረስ ይቆያል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ መረጠ። መጋዙ ሲፈጥን አክሪሊኩ ይቀልጥና ከምላጩ ኋላ መልሶ ይጣበቃል፤ ያኔ ድምፁ ይታፈናል። እሱ ድምፁ ሊለወጥ ሲል ቆም እያለ አስቀዘቀዘው። ለመብሳት ሲቀርብ ደግሞ ብረት የሚበሳውን ፑንታ ስለቱን በሞረድ አደነዘው። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ የተሳለ ፑንታ ግን አክሪሊክን ይነክስና ገንጥሎት ይወጣል፣ የደነዘው ፍቆ ያወጣዋል። ከሥሩ እንጨት አስደገፈ፣ ሊወጣ ሲቃረብ እጁን አላላ። ከቀዳዳው ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ሳይበጠስ ወጣ። ሙቀቱም፣ ፍጥነቱም፣ ግፊቱም ልክ ለመሆኑ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። ብሎኑ አምስት ሚሊሜትር ነበር፤ ቀዳዳው ሰባት።

ከዚያ ማንም የማያየውን ጠርዝ ይዞ ተቀመጠ። መጋዝ ያለፈበት ጠርዝ በዓይን የማይለይ ጥርስ አለው፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በምላጭ ጀርባ ፋቀው፣ በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየሄደ። የቀዳዳዎቹንም አፍ እንዲሁ። ይህ ሁሉ ነገ በሲሊከን ይሸፈናል።

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ አሮጌውን ሲሊከን ከክፈፉ ማንሳት ነው፤ አዲስ ሲሊከን አሮጌው ላይ አይዝም። ፋይበር ግላሱን እንዳያቆስለው በእንጨት መፋቂያ ነበር የሚፍቀው። ረዳቱ የቀረውን ቅባት ሊያነሳ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ፣ ባለሙያው መስኮቱን ከአጠገቡ አሸሸው። ቤንዚንም ሆነ አልኮል ውጥረት ያለበትን አክሪሊክ ሲነካ በቀጫጭን ስንጥቆች ይሞላዋል፤ ያም አንዳንዴ ቆይቶ ነው የሚታየው። ለመስኮቱ ሳሙናና ውኃ ይበቃል።

መግጠሙ ላይ ደረስን። ሲሊከኑ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አልነበረም፤ ያኛው ብረት ይበላል። ሳይቆራረጥ በአንድ ጉዞ ዙሪያውን ጨመቀ። በየመሐሉ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጭ ጎማዎች አስቀምጦ ነበር፤ መስኮቱ በእነሱ ላይ ሲያርፍ ሲሊከኑ በክፈፉና በመስኮቱ መካከል ወፍራም ሆኖ ቀረ። ብሎኖቹ ከነሮንዴላቸው ገቡ። ረዳቱ ካቻቢቴውን አነሳ፦

«ጋሼ፣ ላጥብቀው?»

«በጣትህ ብቻ። ካጠበቅኸው ሲሊከኑን ጨምቀህ ታወጣዋለህ፣ ምን ይቀራል?»

ልጁ በጣቱ አዞረ፣ ሮንዴላው ሲነካ ተወው። እኔም በዚያች ቅጽበት የሙያው ክብደት የት እንዳለ ገባኝ። ማጥበቅ ማንም ይችላል፤ እጅም የሚለምደው ማጥበቅን ነው። ሲሊከን ግን የሚይዘው ሲወፍር ነው፤ ወፍራሙ ከመስኮቱ ጋር ይሳባል፣ ይመለሳል፤ ተጨምቆ የሳሳው ሳይቆይ ይላቀቃል፣ ውኃም ያስገባል። ለዚህ ነው ባለሙያው ለካርቶኑ፣ ለቀዳዳውና ለሲሊከኑ ያደረገው ሁሉ አንድ ነገር የሆነው፤ ሦስቱም ላይ፣ ሌላ ሰው በሞላው ነበር፣ እሱ ግን ቦታ ተወ።

ሲሊከኑ ከደረቀ በኋላ የመጣው ፍተሻም በሥርዓት ነበር። ረዳቱ ውስጥ ተቀመጠ፤ ባለሙያው ከውጭ በጎማ ቱቦ ውኃ ለቀቀ፣ ግን ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከላይ የጀመረ ሰው ውኃው መስኮቱን ሁሉ ስለሚያለብስበት፣ ቢያፈስ እንኳ የት እንደሚያፈስ አይለይም። ከታች የጀመረ፣ ውኃው ውስጥ በታየበት ሰዓት ቱቦው የት እንደነበር ያውቃል። ያቺ ጀልባ አላፈሰሰችም።

ባለጀልባው ሲከፍል ዋጋው ላይ ተከራከረ፤ በእሱ ዓይን የተለወጠው አንድ ገበታ ፕላስቲክ ነው። አልፈርድበትም፣ የከፈለበት ነገር አይታይም። ለመንገደኛ ግን ምልክት አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ሳያናውጠው ተብሎ ማለዳ ወደ ዘጌ ገዳማት ስትሳፈሩ፣ አጠገባችሁ ያለውን መስኮት ተመልከቱ። የሲሊከኑ መስመር ዙሪያውን በእኩል ውፍረት ከሄደ፣ ሥራው ቦታ መተው በሚያውቅ ሰው እጅ አልፏል። ብሎኖቹ ሥር ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ካያችሁ ግን፣ ያ መስኮት የሚሰበረው ማዕበል ጠብቆ አይደለም፤ አንድ ሞቃት ቀትር ይበቃዋል።