የእንዚራ ነገር

ሁዳዴ ሊገባ ሲል የበገና ጉባኤ ማስታወቂያ ከየአዳራሹ በር አይጠፋም። ተገቢ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ በነዚያ ቀናት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል፣ በየቤቱና በየአዳራሹ ደግሞ ተራው የበገና ይሆናል። ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖቻችንም በነሱ አገር ጸደይ ሲገባ በየአጥቢያቸው ተሰብስበው ይሰማሉ። በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል። የማይዋጥልኝ ጉባኤው አልቆ ሰው ጫማውን እየፈለገ ሳለ የሚወራው ወሬ ነው። «ጣቶቹ እንዴት ይፈጥናሉ!» «እንዴት ያምራል በገናው፣ ቅርጹን አያችሁት?» የጣት ፍጥነት የሚወደድ ከሆነ ክራር አለ። ቅርጻ ቅርጽ የሚያዩበት ደግሞ ሌላ ቦታ ሞልቷል።

ዐሥር አውታር እንዳለው፣ ከንጉሥ ዳዊት ወረደ እንደሚባል፣ እቴጌ ጣይቱ ይደረድሩ እንደነበር እንደሚነገር፣ ዐሥሩ አውታር በዐሥሩ ትእዛዛት እንደሚመሰል፣ ይህን ሁሉ መድረክ መሪው በየዓመቱ ይነግራችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ቅኝቱ ትክክል መሆን እንዳለበት፣ የግጥሙ ቃል ጥርት ብሎ መሰማት እንዳለበትም አልነግራችሁም። ይህን ያልተረዳ ሰው ከዚህ በታች ያለው አይጠቅመውም።

እኔ የምናገረው ስለ እንዚራ ነው።

አውታሩ ከላይኛው አግዳሚ ከቀንበሩ ወርዶ፣ አውታሮቹን በሚሸከመው እንጨት በበርኩማው ላይ ያልፍና ከድምፅ ሣጥኑ ከገበቴው ግርጌ ይታሰራል። በርኩማው ላይ፣ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል፣ የታጠፈች ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዚራ እሷ ናት። ለያንዳንዱ አውታር አንድ፣ በጠቅላላው ዐሥር። ቆዳዋ አውታሩን እምብዛም በማይታይ መጠን ከፍ ታደርገዋለች፤ አውታሩ ሲነካ እየተርገበገበ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ ይመታል። ያ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀር ንዝረት የሚወለደው ከዚያ ነው። ገበቴው ያጎላዋል፣ በላዩ የተወጠረው ቆዳ ያሰፋዋል እንጂ አይፈጥሩትም። ሕንዶችም ታንፑራ በሚሉት መሣሪያቸው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ክር ያስገባሉ፤ ሁለቱ ሕዝቦች በየፊናቸው አንድ ነገር ላይ መድረሳቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ክሯን አውጣና ታንፑራው ይደኸያል። እንዚራዋን አውጣና በገናው ትልቅ ክራር ይሆናል።

ታዲያ ገዢው ምን ያያል? ቫርኒሹን ያያል። በቀንበሩ ላይ የተቀረጸውን መስቀል ያያል። ምሰሶው ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን ብሎ በእጁ ይለካል። ከዚያ እጁን በአውታሮቹ ላይ ጠራርጎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስጮህና «ድምፁ ግሩም ነው» ይላል። ዐሥር አውታር በአንድ ጊዜ ከጮኸ የማንኛውም እንጨት ድምፅ ግሩም ነው! አንዱ ዲዳ ቢሆን፣ ሌላው ቢያንኳኳ፣ ማን ይሰማዋል? ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ገዢ ሲመጣ ራሱ ጠርጎ የሚያሳየው።

በገና የሚፈተነው እንዲህ ነው። አንዱን አውታር ብቻ ትነካለህ፣ እጅህን ታነሣለህ፣ እስኪጠፋ ድረስ ትጠብቃለህ። ወሬ የለም፣ ዋጋ ጥያቄ የለም። በመጀመሪያ የጣቱ ምት ይሰማል። ወዲያው ንዝረቱ ይከፈታል፤ ጥሩ እንዚራ ያለው አውታር ከምቱ በኋላ ድምፁ እየሰፋ የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ንዝረቱና ድምፁ አብረው ይደክማሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ንዝረቱ ቀድሞ ሞቶ ባዶው ድምፅ ብቻውን የሚቀር ከሆነ እንዚራዋ ከቦታዋ ርቃለች፣ ወይም የበርኩማው ጠርዝ ተበልቷል። እንደ ድስት ክዳን የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ቆዳዋ ሳስታለች ወይም ደርቃለች። ምንም ንዝረት ከሌለ ሠሪው ቆዳዋን ለወግ ያህል ነው የሰካት። ይህን በያንዳንዱ አውታር ላይ ትደግማለህ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን ታስተያያለህ፤ አንዱ የሚነዝር ሌላው የሚያጉረመርም ከሆነ ዜማው በየመሀሉ ጉድጓድ ይኖረዋል።

ቆዳዋ የጥፍር ጫፍ ታህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብትሄድ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለዚህ ነው እንዚራ አስተካካዩን ሙያተኛ የምለው። ገበቴ የሚፈለፍል አናጢ ብዙ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ በጥፍሩ እየገፋ፣ እየነካ፣ እየገፋ የሚያስተካክል ግን ጥቂት ነው። አንድ ሻጭ «ቆዳዋ ጌጥ ናት፣ ካልፈለግክ አውጣት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል።

ያስተማሩኝ ሽማግሌ እንዚራቸውን የሚቆርጡት ከአሮጌ ማኅደር ጠርዝ ነበር። አዲስ ቆዳ አይሆንም ይሉ ነበር፤ ግትር ነው፣ አውታሩን አይታዘዝም። ዕድሜ ያለሰለሰውን፣ የሰው እጅ ወዝ የጠጣውን ይመርጣሉ። ቁርጥራጮቹን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፣ ቀፎዋን ደግሞ በበገናው ልብስ ውስጥ። ተማሪ ሲመጣ ቅድሚያ የሚሰጡት በገናውን አይደለም፣ ቀፎዋን ነው፤ «ምረጥ» ይሉታል። ተማሪው ግራ ገብቶት አንዷን ያነሣል፣ እሳቸው ይሰኩለታል፣ ይነካል፣ ያወጧታል፣ ሌላ ይሰጡታል። እንዲህ እያደረጉ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ገና መዝሙር የሚባል ነገር አልተነሣም። ብዙዎች ሰለቹና ሄዱ። ዛሬ በጥቂት ሳምንት በገና እናስተምራለን የሚል ማስታወቂያ ሳይ የክብሪት ቀፎዋ ትታወሰኛለች።

ሌላዋ የማስታውሳቸው በጎረቤታችን የነበሩ እመት ናቸው፤ የሚደረድሩት ምሽት ላይ በግቢያቸው ብቻ ነው። አንድ ስንኝ እንኳ ብለው አውታሩ ካልጣማቸው ያቆማሉ። እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም ያቆማሉ። ጎንበስ ብለው ቆዳዋን ገፋ ያደርጓትና ስንኙን ከመጀመሪያው ይደግሙታል። እኛ ልጆቹ የመዝሙሩ አካል ይመስለን ነበር።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ደርዳሪው መድረክ ላይ ሲወጣ አፉን አትመልከቱ፣ እጁን ተመልከቱ። መቃኛውን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ምን ያደርጋል? አውታሩ ሲጠብቅና ሲላላ እንዚራዋ ትንቀሳቀሳለች። የበግ አንጀት ከሆነ ደግሞ የሕዝቡ ትንፋሽና የመድረኩ መብራት ሙቀት ይለውጠዋል። እንግዲህ ቃኝቶ ሲያበቃ ወደ በርኩማው ዝቅ ብሎ ዐሥሩንም ያልዳሰሰ ሰው የሚደረድረውን አልሰማም ማለት ነው። አዳራሹ ግን በዚያ ዝምታ ይንቆራጠጣል፤ ይስላል፣ ስልክ ያወጣል። ቶሎ የጀመረውን ነው የሚወዱት። እኔ ሕግ አድርጌዋለሁ፦ ወደ በርኩማው ሳይጎነበስ የጀመረ ደርዳሪን ከሁለተኛው መዝሙር በላይ አልሰማም።

ሁለተኛው ሕጌ የማስተጋቢያ ነገር ነው። አሁን በገናው ላይ ድምፅ መሳቢያ ይለጠፋል፤ ይሁን፣ አዳራሹ ሰፊ ነው። ነገር ግን የድምፅ ባለሙያው ገደል ማሚቶ የመሰለ ማስተጋቢያ ሲጨምርበት ሞቶ የቀረው ንዝረት ሕያው መስሎ ይረዝማል። ድክመት የሚሸፈነው በዚህ ነው። አንዱ አውታር ሳይጠፋ ሌላው ይደርብበታል፣ ጭጋግ ይሆናል፣ ሕዝቡም «መንፈሳዊ ነው» ይላል። በመድረክ ላይ የማስተጋቢያ ድምፅ ከሰማሁ ነጠላዬን አነሣለሁ።

ናይለን አውታር እንደ እርጥበቱ ስለማይለዋወጥ ብዙዎች ወደሱ ዞረዋል። አልጣላቸውም። ንዝረቱ የሳሳ ነው፣ ግን እንዚራዋ ልክ ከሆነ ይሰማል። ናይለን ከጥሩ እንዚራ ጋር፣ አንጀት ከመጥፎ እንዚራ ጋር አቅርባችሁ ምረጥ ብትሉኝ ናይለኑን እወስዳለሁ። በዚህ የሚቆጡኝ የጥንቱን ወዳድ ወዳጆች አሉ፤ ይቆጡ።

ስለ ጣቶች አንድ ነገር ብቻ። ብዙ ደርዳሪዎች ከዐሥሩ አውታር የሚነኩት አምስቱን ወይም ስድስቱን ነው፤ የቀሩት ጣት ነክቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው። ማረፊያው ካልተጠበቀ ድምፁ ይደፈርሳል። አንዳንዱ ወጣት ዐሥሩንም እያስጮኸ «አሻሻልኩት» ሲል እሰማለሁ። አላሻሻለም፤ ጣቱን ማረፊያ አሳጣው እንጂ።

ስለ ድምፅም እንዲሁ ባጭሩ። የበገና ዘማሪ አይጮህም። ከደረት የሚወጣ ዝቅ ያለ፣ ለሹክሹክታ የቀረበ ድምፅ ነው የሚፈለገው፤ ምክንያቱም ንዝረቱ የሚሸፍነው ከሆነ ግጥሙ ይጠፋል፣ ዘማሪው ካየለ ደግሞ ንዝረቱ ይጠፋል። ይህ ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ ለመስማት የመምህር ዓለሙ አጋን ቅጂ አውጥታችሁ አዳምጡ። እንጦጦ ላይ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩ ናቸው፤ በደርግ ዘመን ትምህርቱ እስኪቋረጥ ድረስም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ 11ኛው አልበም የሳቸው ነው። እዚያ ላይ «አባታችን ሆይ»ን ስሙ። ቃሉን አትከተሉ፣ መጀመሪያ ቃሉን እርሱት። ዘማሪው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ ከስር ያለው ንዝረት ምን ያደርጋል የሚለውን ብቻ ስሙ። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዓመት ጉባኤ ቅጂ በስልካችሁ ክፈቱትና አስተያዩ።

ለዘንድሮ ጉባኤ የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከድምፅ ማጉያው ፊት አትቀመጡ፤ በጎን በኩል፣ የበገናው ገበቴ ወደናንተ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁኑ። መዝሙር ሲያልቅ አታጨብጭቡ፤ የመጨረሻው አውታር ገና እየነዘረ ነው። ለልጃችሁ በገና ልትገዙ ከሆነም ሻጩን ትርፍ እንዚራ ጠይቁት። ከሰጣችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። «ለምን?» ካላችሁ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ።