ዘፈንን ከዘፈን በቁጥር ስለ ማጋጠምና ስለ ቅኝታችን

ዲጄ የሚባለው የሙዚቃ አጫዋች አንዱን ዘፈን ሳያቋርጥ ከሌላው ጋር ሲያያይዝ ሁለት ነገር ይመለከታል። አንደኛው የምቱ ፍጥነት፥ ሁለተኛው የዜማው ስልት ነው። ሕጉ ከሚሠራባቸው አንዱ ሚኒማል የተባለው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፤ እርሱም ከከበሮ ምትና ከጥቂት ድምፅ በቀር ብዙ ጌጥ የለውም። ይህ ሕግ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ እንደሚሰማው ባለ የማሲንቆ ዘፈንና ፉከራ ላይ ሲውል ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በታች ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የሕጉን ጥቅም መካድ አይገባም። በደቂቃ 120 ምት ያለውን ሸክላ ወደ 127 ብናፈጥነው ዜማው ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ፍጥነትን ብቻ ያስተካከለ ሰው ዜማውን ሳያውቅ ያበላሻል። ዛሬ ኮምፒዩተር ፍጥነቱን ለውጦ ድምፁን ባለበት ሊያቆየው ይችላል፤ ለያንዳንዱም ዘፈን ከ24ቱ የሜጀርና የማይነር ስልቶች አንዱን ይሰጠዋል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከዶ የሚነሣው አምባሰል ዶ፥ ሬ ቤሞል፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ ቤሞል ነው። ከፋ የሚነሣው ትዝታ ማይነር ደግሞ ፋ፥ ሶል፥ ላ ቤሞል፥ ዶ፥ ሬ ቤሞል ነው። አንባቢ እንደሚያየው አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በማረፊያቸው ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ አጫዋች በዶ በሚያርፍ የአምባሰል ዘፈን ሥር ፋን የሚደጋግም ቤዝ ቢያስገባ፥ ቁጥሩ ተስማምቷል፥ ጆሮም አይጎረብጠውም፤ ነገር ግን ሰሚው አምባሰሉን ትቶ ትዝታ መስማት ይጀምራል። ድምፅ ሳይጋጭ ቅኝት ጠፋ ማለት ነው። በሚኒማል ሙዚቃ ቤዙ ብቻውን ስለሚሰማ ጉዳቱ ይብሳል። የአንቺሆዬ ነገር ከዚህም የባሰ ነው፤ ዶ፥ ሬ ቤሞል፥ ፋ፥ ሶል ቤሞልና ላ በአንድነት በየትኛውም ሜጀር ወይም ተፈጥሯዊ ማይነር ስልት ውስጥ አይገኙም። የሆነ ሆኖ መሣሪያው ከ24ቱ አንዱን ስም ይለጥፍበታል።

የፍጥነቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጭክጭካ በስድስት የሚቆጠር ምት ስለ ሆነ፥ በሁለት ከፍለው ሲቆጥሩት 120 የሚሆነው በሦስት ሲከፍሉት 180 ይሆናል። ሽለላና ፉከራ ግን ከነጭራሹ የተወሰነ ምት የላቸውም፤ «ዘራፍ» ብሎ የተነሣውን ሰው የሚመራው ትንፋሹና ስሜቱ ነው። አንድ ጭራ ያላት ማሲንቆም ለባለቤቷ ጉሮሮ ስለምትቃኝ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ልትውል ትችላለች። በቁጥር የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቆርጦ ይጥላል፤ ተቆርጦ የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ የዘፈኑ ልብ ነው።

«ጨፋሪ ይህን ሁሉ አይመረምርም» የሚል ይኖር ይሆናል። ጨፋሪው የቅኝቱን ስም ባያውቅም፥ ትዝታና አምባሰል በልቡ የሚያሳድሩበት ስሜት አንድ አይደለም። ደግሞም እኛ ድብልቁን አንነቅፍም። የሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም» በ2008 ዓ.ም.፥ የሮፍናን «ነጸብራቅ» በ2010 ዓ.ም. ወጥተው የአገራችን ዜማና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

እንግዲህ አጫዋቹ ከቁጥሩ ጎን የዘፈኑን ቅኝትና ማረፊያ ድምፅ ቢጽፍ፥ ቤዙን ከማረፊያው ጋር ቢያስማማ ወይም ከበሮውን ብቻ ቢያስቀር፥ ፉከራው ሲነሣ ደግሞ ምቱን አቁሞ ቢጠብቅ መልካም ነው። ሚኒማል ሙዚቃ ባዶ ቦታ የማይፈራ ስለ ሆነ ይህን ለማድረግ ከሌላው ሁሉ ይመቻል። ቁጥር የሁለት ዘፈኖችን መገናኛ በር ያሳያል፤ ከበሩ በኋላ ያለውን ቤት ግን የሚያውቀው ጆሮ ነው።