ቤት ውስጥ ሩት፣ ደጅ ላይ ተራ ተጠቃሚ፦ የዩዘር ኔምስፔስ ተስፋና ጉድለት

በአቃቂ ቃሊቲ አዳዲስ ሰፈሮች የሚኖር ሰው መታወቂያውን ቢያወጣ፣ «የቤት ቁጥር» በሚለው ቦታ ላይ «አዲስ» የሚል ቃል ሊያገኝ ይችላል። ገና ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ «አዲስ» ነው። ቁጥር ያለው ቤትም ቢሆን ቁጥሩ ትርጉም የሚሰጠው ከነወረዳው ሲጠራ ነው። «ቤት ቁጥር 100» ብቻ ብትሉ የማን ቤት እንደሆነ ማን ያውቃል? ዩዘር ኔምስፔስ የሚባለው የሊኑክስ አሠራር የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ቁጥር ያለ ወሰኑ ምንም አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ነው። የምተቸው አተገባበሩን ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሊኑክስ እናንተን በስም አያውቃችሁም። «አበበ» ብላችሁ ብትገቡም የስርዓተ ክወናው ልብ፣ ማለትም ከርነሉ፣ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 1000። ፋይል የማን እንደሆነ በዲስክ ላይ የሚጻፈውም በቁጥር ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ አንዱ ግን የተለየ ነው፤ እሱም 0፣ ሩት የሚባለው። 0 የሆነ ሰው የማንንም ፋይል ያነባል፣ ይሰርዛል፣ ማሽኑን እንዳሻው ያደርጋል።

ኮንቴይነር ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ራሱን የቻለ ማሽን አይደለም። ከሌሎች ጋር አንድ ከርነል የሚጋራ፣ ግድግዳ የተሠራለት ፕሮግራም ነው። ዶከርን እንደመጣ ስትጠቀሙ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው 0 ከውጭ ካለው 0 ጋር አንድ ነው። ሥልጣኑን የሚቀንሱ ሌሎች ቁልፎች አሉ፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ግድግዳው አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ የሚወጣው ንጉሡ ራሱ ነው። ይህ ደግሞ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ሲቪኢ-2019-5736 በተባለው የራንሲ ጉድለት፣ ከኮንቴይነር ውስጥ ያለ ተንኮለኛ ሩት ኮንቴይነሮችን የሚያስነሳውን የዋናውን ማሽን ፕሮግራም በራሱ ኮድ መተካት ችሎ ነበር። ዩዘር ኔምስፔስ በአግባቡ በተዋቀረበት ማሽን ላይ ግን ይህ ጥቃት አይሠራም።

ለምን አይሠራም? በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሊኑክስ 3.8 ጀምሮ ከርነሉ የማዛመጃ ሠንጠረዥ መያዝ ይችላል። አንዱ መስመር ሦስት ቁጥሮች ብቻ አሉት፦ 0፣ 100000፣ 65536። ትርጉሙ «ከውስጥ 0 የሚባለው ከውጭ 100000 ነው፤ ከዚያ ወዲያ 65536 ቁጥሮችን በተርታ አዛምድ» ነው። ስለዚህ ከውስጥ 1000 የሆነው ከውጭ 101000 ይሆናል። ቤቱ ውስጥ ንጉሥ ነኝ የሚለው ሩት ደጅ ሲወጣ ምንም ሥልጣን የሌለው 100000 ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን? ቂሊንጦ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ መልሱ ቅርብ ነው። ጂፒዩ ያለው ሰርቨር ውድ ነው፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ስለዚህ አንድ ማሽን ለብዙ ተመራማሪ መካፈሉ የግድ ይሆናል። ከዚያ የተለመደችው ጥያቄ ትመጣለች፦ «ዶከር ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ።» አስተዳዳሪው ያስገባል። ያን ጊዜ ግን የሰጠው የሩትን ሥልጣን ነው፤ የዶከር መመሪያ ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። ተማሪው በአንድ ትእዛዝ የማሽኑን ዲስክ በሙሉ ወደ ኮንቴይነሩ አስገብቶ የጓደኛውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አልያም ለጥናት የተሰበሰበ የሕሙማን ራጅ ማንበብም ማጥፋትም ይችላል። ክፋት እንኳ አያስፈልገውም፤ አንዲት የተሳሳተች የመሰረዣ ትእዛዝ ትበቃለች።

ወደ ትችቱ ልግባ። አንደኛው ጉድለት መዘግየቱ ነው። ዶከር ይህን ማዛመድ ያስገባው በ2016 በስሪት 1.10 ሲሆን፣ ያውም ካልከፈታችሁት በቀር ዝግ ነው። ኩበርኔቲስ ያለ ተጨማሪ ማዋቀር ያቀረበው በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በስሪት 1.33 ነው። አሁንም ቢሆን ፖዱ ራሱ ካልጠየቀ አያገኘውም። ከከርነሉ ሲቆጠር አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው! ነገሩ የላብራቶሪ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በኩበርኔቲስ ላይ የሚዘረጋ ነው። የአገር መታወቂያን የሚያህል ሥራ ኮንቴይነር ላይ በሚቆምበት ዘመን፣ ጥንቃቄ ለሚጠይቅ ብቻ የሚሰጥ መሆን አልነበረበትም።

ሁለተኛው ጉድለት ፋይል ነው። ሠንጠረዡ የፕሮግራሙን ቁጥር ያዛምዳል፤ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ግን የውጭው ቁጥር ነው። ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሞዴል ሲያሠለጥን አድሮ ጠዋት ውጤቱን ከውጭ ሲያይ ባለቤቱ 101000 ይሆንበታል፤ የራሱን ፋይል መሰረዝ ሊያቅተው ይችላል። ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ቁጥር ደግሞ ከውስጥ ሲታይ 65534፣ «ኖባዲ»፣ ማለትም «ማንም» ይባላል። የ«አዲስ» ቤት ቁጥር ነገር እዚህም አለ፦ የማይተዋወቁ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ክርስቲያን ብራውነር የሠራው፣ ዲስኩን ራሱን አዛምዶ የማሳየት ዘዴ በሊኑክስ 5.12 የገባው በ2021 ነው። ከፍተኛ እፎይታ ነበር። ነገር ግን የተማሪዎች ማኅደር በኔትወርክ ዲስክ፣ በኤንኤፍኤስ፣ ላይ ከሆነ ማዶ ያለው ሰርቨር እዚህ የተሠራውን ሠንጠረዥ አያውቀውም። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የቁጥር ክልል የሚመድበው ሰው ነው። ሁለት ሰው በስህተት አንድ ክልል ከተሰጠው ግድግዳው የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ዩዘር ኔምስፔስ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ የራሱን ቤት ሠርቶ እዚያ ውስጥ ሩት እንዲሆን ይፈቅዳል። በዚህም ቀድሞ ሩት ብቻ ይነካው የነበረ የከርነል ኮድ ለሁሉም ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2022-0185 በዚሁ በር የገባ ነው፦ ተራ ተጠቃሚ ቤት ሠራ፣ በቤቱ ባገኘው ሥልጣን የፋይል ስርዓት ኮድ ውስጥ ያለውን ስህተት ነካ፣ ከዚያ እውነተኛ ሩት ሆነ። ኡቡንቱ 24.04 ይህን ለመግታት በአፕአርመር ገደብ የጣለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«እንግዲያው ዝጉት» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማወዳደር ያለብን ከእንከን የለሽ ማሽን ጋር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማሽን የለም። ማወዳደር ያለብን ሰው በሩ ሲዘጋበት ከሚሄድበት አማራጭ፣ ከዶከር ግሩፕ ጋር ነው። በዩዘር ኔምስፔስ አጥቂው ሩት ለመሆን ገና ያልተደፈነ የከርነል ስህተት ማግኘት አለበት። በዶከር ግሩፕ ግን ሥልጣኑ በእጁ ነው። የሚሻለው ለማንኛውም ፕሮግራም መክፈት ሳይሆን እንደ ፖድማን ላሉ ለታወቁት ብቻ በአፕአርመር ፈቅዶ፣ ክልሎቹን ሳይደራረቡ መድቦ፣ ከርነሉን በየጊዜው ማደስ ነው። ሥራ አለው፤ ግን ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

የራሳችሁን ማሽን ዛሬውኑ መፈተሽ ትችላላችሁ። ኮንቴይነር ውስጥ ገብታችሁ፣ ፕሮክ በሚባለው ማውጫ፣ ሰልፍ ስር ያለውን «ዩአይዲ_ማፕ» ፋይል አንብቡ። 0፣ 0፣ 4294967295 የሚል ካገኛችሁ ምንም አልተዛመደም፤ የውስጡ 0 የውጭው 0 ነው። መሐል ያለው ቁጥር 100000ን የመሰለ ሌላ ቁጥር ከሆነ ግን ንጉሡ ደጅ ሲወጣ ዘውዱን ጥሎ ነው የሚወጣው።